ከሐዋሳ ወደ ታይላንድ፦ ሻንጣው ከመዘጋቱ በፊት

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ከሐዋሳ ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አራቱ ወደ ታይላንድ ስለሚደረግ ጉዞ የሚጠይቁ ሆነው ስላገኘናቸው በአንድነት አቅርበናቸዋል። ጸሐፊዎቹ የሚሄዱበት ምክንያት የተለያየ ነው፤ አንዷ ለዕረፍት፣ አንዱ ለሕክምና፣ አንዷ ለንግድ፣ አንዱ ደግሞ ለሥልጠና ይጓዛሉ። የሁሉም ጥያቄ ግን «ምን ልያዝ?» የሚል ነው። እኔም ወደዚያች አገር ሦስት ጊዜ የተመላለስሁ በመሆኔ፣ መልስ ስሰጥ በቅድሚያ የምመዝነው እዚያ ገበያ ላይ የማይገኘው ነገር የትኛው እንደሆነ ነው። ጃንጥላ፣ ሳሙና፣ ነጠላ ጫማና ቲሸርት በየመንገዱ ይሸጣል፤ የክትባት ካርድ፣ የሐኪም ደብዳቤና የራስን ሕመም ታሪክ የሚሸጥ ሱቅ ግን የለም።

«የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፦ ባለቤቴና እኔ የጋብቻችንን ሃያኛ ዓመት ምክንያት በማድረግ በሐምሌ መጨረሻ ለአሥራ ሁለት ቀናት ወደ ታይላንድ እንሄዳለን። ባንኮክን ካየን በኋላ ወደ ባሕር ዳርቻ ለመውረድ አስበናል። የሐዋሳ ሰዎች እንደመሆናችን ሙቀት አያስፈራንም፤ ይሁን እንጂ ሁለት ትልልቅ ሻንጣዎች ከአሁኑ ሞልተው ሳለ የጎደለ ነገር ያለ ይመስለኛል። በዚያ ላይ ጉዞው ፍልሰታ ላይ ስለሚወድቅ በሰው አገር ጾሙን እንዴት እንደምንይዝ አሳስቦናል።»
ወ/ሮ ሠ.፣ ከሐይቅ ዳር ክፍለ ከተማ

ወ/ሮ ሠ.፣ እንኳን ለዚህ በዓል አደረሳችሁ። በመጀመሪያ ሻንጣዎቹን መልሰው ይክፈቷቸውና ከልብሱ ግማሹን ያውጡ። ሙቀት የለመድን መሆናችንን እኔም ከመሄዴ በፊት እንደ ዋስትና ቆጥሬው ነበር፤ ነገር ግን የሐዋሳና የባንኮክ ሙቀት በዓይነቱ ይለያያል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ቀኑ ቢሞቅም ፀሐይ ስትጠልቅ ከሐይቁ የሚነሣው ነፋስ ያቀዘቅዘናል፤ ሌሊት ብርድ ልብስ እንፈልጋለን። ባንኮክ ግን ከባሕር ወለል እምብዛም ከፍ ሳትል በወንዝ አፍ ረግረግ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። በሐምሌ የቀኑ ሙቀት 33 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲሆን ሌሊቱም ከ25 ዲግሪ በታች የሚወርደው አልፎ አልፎ ነው። ከዚህ ሁሉ የሚከብደው የአየሩ እርጥበት ነው። ላብ ሰውነትን የሚያበርደው ሲተን ነውና፣ አየሩ በውኃ ተን በተሞላበት ቦታ ላቡ ሳይተን በቆዳ ላይ ይቀራል፤ ሰው ይደክማል፣ ራሱን ያመዋል፣ ምክንያቱ ግን ሙቀቱ መሆኑን አያስተውልም። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት በእግር የሚደረገውን ጉብኝት በጠዋትና በማምሻ ያድርጉት፤ ውኃ ሳይጠማዎት ይጠጡ፤ በውኃ የሚበጠበጠው የጨውና የስኳር ዱቄት፣ ማለትም የኦ.አር.ኤስ.፣ ጥቂት ከረጢቶችም በቦርሳዎ ይኑሩ።

ልብስን በሚመለከት፣ ሰፋ ያለና ስስ የሆነ፣ ማታ ታጥቦ ጠዋት የሚደርቅ ልብስ አራት ወይም አምስት ቅያሪ ለአሥራ ሁለት ቀናት ይበቃል። የጂንስ ሱሪ በዚያ እርጥበት በአንድ ሌሊት አይደርቅምና ለአውሮፕላን ጉዞው ካልሆነ በቀር አያስፈልግም። በአንጻሩ አንድ ቀጭን ሹራብ ይያዙ፤ የገበያ አዳራሾቹ፣ ባቡሮቹና የረጅም መንገድ አውቶቡሶቹ በማቀዝቀዣ ብርቱ ብርድ ይፈጥራሉ፤ ላብ ያረጠበው ሰውነት ከዚያ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ክፉኛ ይበርደዋል።

የእኛ ክረምት የእነርሱም የዝናብ ወቅት ነው፤ ከግንቦት አጋማሽ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። ዝናቡ ብዙውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ወይም ማምሻውን በኃይል ወርዶ ያባራል እንጂ ቀኑን ሙሉ አይቆይም። ይሁን እንጂ የባሕር ዳርቻ ምርጫዎን ሊለውጠው ይገባል። ፉኬትና ክራቢ የሚገኙበት የአንዳማን ባሕር ዳርቻ በዚህ ወቅት ማዕበል የሚበዛበት ነው፤ ወደ ጥልቁ የሚስብ የውኃ ሞገድ ዋና የሚችለውን ሰው እንኳ ይወስዳል፤ ቀይ ባንዲራ በተተከለበት ቦታ እግርን ማርጠብም አይገባም። በምሥራቅ በኩል፣ በታይላንድ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ያለችው የሳሙይ ደሴት ግን ዋነኛ ዝናቧን የምታገኘው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ስለሆነ በሐምሌና በነሐሴ የተሻለ አየር አላት። በእናንተ ቦታ ብሆን ወደ ሳሙይ እሄድ ነበር።

ከሻንጣው እንዳይወጣ አደራ የምልዎት ነጠላዎን ነው። በቤተ መቅደሶቻቸው ትከሻና ጉልበት ተሸፍኖ፣ ጫማ ወልቆ ይገባል፤ ይህ ለእኛ እንግዳ ሥርዓት አይደለም። እንደ ዋት ፖ ባሉት ቦታዎች ነጠላ ትከሻን ለመሸፈን ያገለግላል፤ በታላቁ ቤተ መንግሥት ግን ቁጥጥሩ ጥብቅ ስለሆነ እጅጌ ያለው ሸሚዝና ረጅም ቀሚስ መልበስ ይሻላል። ሴት ሆኖ ወንድ መነኩሴን መንካት፣ እግርን ወደ ቡድሃ ምስል መዘርጋት፣ የሰውን፣ የሕፃንንም ቢሆን፣ ራስ መዳሰስ እንደ ነውር ይቆጠራል። ስለ ንጉሣዊው ቤተሰብ በክፉ መናገር ደግሞ ከነውር አልፎ ወንጀል ነው፤ የወንጀል ሕጋቸው አንቀጽ 112 ለእያንዳንዱ ጥፋት ከ3 እስከ 15 ዓመት እስራት ይደነግጋል። በዚህ ጉዳይ ላይ በቀልድም ሆነ በማኅበራዊ ገጽ አስተያየት አለመስጠት ነው።

አሁን ወደ ጾሙ እንምጣ፤ ጥያቄዎን ሳነብ ደስ ያለኝ ለዚህ ጥሩ መልስ ስላለ ነው። ችግሩ የሚመጣው «ሥጋ የሌለበት» ብለው ሲያዝዙ ነው፤ ምክንያቱም የታይላንድ ምግብ ጨው ሆኖ የሚያገለግለው ናም ፕላ የሚባለው የዓሣ ፈሳሽ ነውና፣ አትክልት ብቻ የሚመስለው ወጥ ሁሉ እርሱ ወይም ካፒ የሚባለው የተፈጨ ሽሪምፕ (ትንሽ የባሕር እንስሳ) ይገባበታል። ከጥሬ ፓፓያ የሚሠራው ሶም ታም የተባለው ሰላጣ እንኳ ደረቅ ሽሪምፕ አለበት። ማወቅ የሚገባዎት ቃል «ጄ» የሚለው ነው። ይህ ከቻይና የመጣ የጾም ሥርዓት ሲሆን ሥጋን፣ ዓሣን፣ እንቁላልንና ወተትን ሁሉ ይከለክላል፤ ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርትም የለበትም። ምግብ ቤቶቹ የሚታወቁት ቀይ ጽሑፍ ባለበት ቢጫ ባንዲራ ነው። «ኪን ጄ» ቢሉ «ጄ እበላለሁ» ማለት ነው፤ ሆቴልዎ ሲደርሱ ቃሉን በታይ ፊደል በወረቀት አስጽፈው ይያዙት። ከዚህ ሌላ በኮኮናት ወተት የሚቀርበው ማንጎና የሚያጣብቀው ሩዝ፣ እንዲሁም የየመንገዱ ፍራፍሬ ለጿሚ የሚመች ነው። የሙስሊም አንባቢዎቻችንም ባንኮክ ውስጥ ሐላል የሚል ምልክት ያለባቸውን ቤቶች በቀላሉ ያገኛሉ፤ ሱኩምቪት መንገድ ሶይ (ቅያስ) 3 አካባቢ የዐረብ ምግብ ቤቶች ተሰብስበው ይገኛሉ።

«ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። ባለቤቴን ለሕክምና ወደ ባንኮክ ይዣት እሄዳለሁ፤ ዕድሜዋ 64 ዓመት ሲሆን ስኳርና የደም ግፊት አለባት፤ ኢንሱሊን ትወስዳለች። የትኞቹን ክትባቶችና መድኃኒቶች ማዘጋጀት እንዳለብን፣ ስለ ወባም ምን ማሰብ እንደሚገባን ቢያስረዱኝ ባለ ውለታዬ ነዎት።»
መምህር ተ.፣ ከታቦር ክፍለ ከተማ

መምህር፣ እግዚአብሔር ባለቤትዎን ይማርልን። ይህን ጥያቄ ከሌሎቹ አስፍቼ እመልሳለሁ፤ የአንድ ወረቀት መጉደል ጉዞውን ሁሉ የሚያስተጓጉለው እዚህ ላይ ነውና።

ታይላንድ ቢጫ ወባ ሊኖርባቸው ይችላል ብላ ከዘረዘረቻቸው አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ስለሆነች ከእኛ የሚሄድ መንገደኛ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ እንዲያሳይ ይጠየቃል። በባንኮኩ የሱቫርናብሁሚ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ወደ ኢሚግሬሽን ሰልፍ ከመሄዳችሁ በፊት፣ ወደ ጤና ቁጥጥሩ ክፍል ጎራ ብላችሁ ካርዱን ታሳያላችሁ። ካርዱ የሚጸናው ክትባቱ ከተሰጠ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ በመጨረሻው ሳምንት የሚደረግ ሩጫ አይጠቅምም። ከሐምሌ 4 ቀን 2008 ዓ.ም. ጀምሮ በዓለም አቀፉ የጤና ደንብ መሠረት አንድ ጊዜ የተሰጠ ክትባት ለዕድሜ ልክ ያገለግላል፤ አሮጌ ካርድ ካለዎት «አሥር ዓመት አልፎታል» ብለው አይጣሉት። በካርዱ ላይ ያለው ስም ከፓስፖርቱ ጋር ፊደል ለፊደል መመሳሰሉን፣ ቀኑም በፈረንጆች አቆጣጠር መጻፉን ያረጋግጡ።

እዚህ ላይ ስለ ባለቤትዎ አንድ ነገር ልጨምር። የቢጫ ወባ ክትባት የሚሠራው ኃይሉ ከተዳከመ ሕያው ቫይረስ ነው፤ ስለዚህ ዕድሜያቸው ከ60 በላይ የሆነ፣ ነፍሰ ጡር የሆኑ ወይም በሽታ የመከላከል አቅማቸው የተዳከመ ሰዎች ከመከተባቸው በፊት ሐኪም ሊመዝነው ይገባል። ሐኪሙ አይገባትም ካለ፣ ይህንኑ የሚገልጽ በእንግሊዝኛ የተጻፈና ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ያሰጥዎት፤ ተቀባይነቱንም ከመብረራችሁ በፊት ቪዛውን ከሚሰጣችሁ ክፍል ይጠይቁ።

ኢንሱሊኑን በምንም ምክንያት በጭነት ሻንጣ ውስጥ እንዳትከቱት። ሻንጣ ሊዘገይ ይችላል፤ በጭነት ክፍል ውስጥም ኢንሱሊን በረዶ የመሆን አደጋ አለበት፤ አንድ ጊዜ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ደግሞ ቢቀልጥም ተመልሶ አይሠራም። የተከፈተው እስክሪብቶ መሳይ የኢንሱሊን መርፌ ከ30 ዲግሪ በታች መቆየት ስላለበትና ባንኮክ ቀን ቀን ከዚያ በላይ ስለምትሞቅ፣ የኢንሱሊን መያዣ ቀዝቃዛ ቦርሳ ያስፈልጋችኋል። ታይላንድ ከእኛ በ4 ሰዓት ትቀድማለች፤ የመርፌው ሰዓት እንዴት እንደሚሸጋሸግ ከሐኪሟ ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ በአውሮፕላን ውስጥ የሚቀርበው ምግብ ቢዘገይ ስኳሯ እንዳይወርድ በቦርሳ ውስጥ ብስኩትና ከረሜላ ይኑር።

የተቀሩት መድኃኒቶች በየፋብሪካ ማሸጊያቸው ሆነው፣ ሳይንሳዊ ስማቸውንና መጠናቸውን ከሚገልጽ የሐኪም ደብዳቤ ጋር ይያዙ። ለጉዞ እንዲመች ብሎ እንክብሎችን ፈልፍሎ በአንድ ብልቃጥ መቀላቀል በጉምሩክ ፊት ማስረዳት የማይቻል ነገር ይፈጥራል። ኮዴይን ያለባቸው የሕመም ማስታገሻዎችና እንደ ዲያዜፓም ያሉ የእንቅልፍና የጭንቀት መድኃኒቶች በታይላንድ ሕግ ቁጥጥር የሚደረግባቸው ናቸው፤ ከእነዚህ የምትወስደው ካለ ከ30 ቀን ፍጆታ የማይበልጥ ይያዙ፤ አንዳንዶቹ ከአገሪቱ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ቅድሚያ ፈቃድ ስለሚያስፈልጋቸው ይህን የሚታከሙበትን ሆስፒታል ይጠይቁ። የላቦራቶሪ ውጤቶቿን፣ የራጅና የሲቲ ስካን ምስሎቿን በሲዲ ወይም በፍላሽ ይውሰዱ፤ ወረቀቱ ብቻውን ለሐኪሙ አይበቃውም፤ ምስሉን ሊያየው ይፈልጋልና።

ስለ ወባ የጠየቁት በተለይ ልቤን ነክቶታል። ባንኮክ፣ ፉኬትና ቺያንግ ማይ ከተማ ለመንገደኛ የወባ ሥጋት የሌለባቸው ቦታዎች ናቸው ለማለት ይቻላል፤ ወባው የሚገኘው በጠረፍ አካባቢ ባሉት ጫካዎች ነው። በከተሞቹ ያለው አደጋ ዴንጊ የተባለው በትንኝ የሚተላለፍ በሽታ ነው። የዴንጊ ትንኝ እንደ ወባዋ በሌሊት አትነክስም፤ በቀን፣ ይልቁንም በጠዋትና በማምሻ ትነክሳለች፤ የምትራባውም በአበባ ማስቀመጫ፣ በጎማና በቆርቆሮ ውስጥ በሚጠራቀም ንጹሕ ውኃ ነው። ስለዚህ ሐዋሳ የለመድነው አጎበር ብቻውን አይጠብቀንም፤ ቀን ላይ ረጅም እጅጌ መልበስና ዲት የተባለው ንጥረ ነገር ያለበትን የትንኝ ማባረሪያ ቅባት መቀባት ያስፈልጋል። ቅባቱ እዚያው በየሰፈሩ ባሉት የሰቨን ኢለቨን ሱቆች ይገኛል። የፀሐይ መከላከያ ከተቀቡ እርሱ ይቅደም፣ የትንኙ በላዩ ይከተል።

የዴንጊ ትኩሳት ድንገት የሚነሣ ሲሆን ከዓይን ጀርባ የሚሰማ ሕመምና ብርቱ የመገጣጠሚያ ቁርጥማት ያመጣል። ያን ጊዜ ፓራሲታሞል ብቻ ይወሰዳል፤ አስፕሪንና አይቡፕሮፌን ግን የመድማት አደጋን ስለሚጨምሩ አይነኩም። ባለቤትዎ ለልብ ወይም ለግፊት ተብሎ በየቀኑ አስፕሪን የምትወስድ ከሆነ ትኩሳት በያዛት ሰዓት ወዲያውኑ ሐኪም ማማከር ያስፈልጋል። አደገኛው ጊዜ ትኩሳቱ መውረድ ሲጀምር ስለሆነ፣ «ተሻላት» ተብሎ በሚታሰብበት ሰዓት ብርቱ የሆድ ሕመም፣ የማያቋርጥ ትውከት ወይም የድድ መድማት ከታየ ሰዓት ሳይባክን ወደ ሆስፒታል መሄድ ነው።

አሁን ብዙ ሰው የማያስበውን ልንገርዎ። እኛ ወባን ይዘን ልንሄድ እንችላለን። ሐዋሳ የወባ አገር ናት፤ ዛሬ ሐይቅ ዳር የተነከሰ ሰው የሚታመመው ከሳምንት ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው፤ ቪቫክስ የተባለው ዓይነት ደግሞ በጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ይነሣል። በሁለተኛው ጉዞዬ ባንኮክ በገባሁ በአምስተኛው ቀን ትኩሳት ያዘኝ። ያየኝ ሐኪም የት እንደነበርሁ ሲጠይቀኝ ባንኮክ ብቻ አልሁት፤ ዴንጊ መስሎት ፓራሲታሞል ሰጥቶ ሸኘኝ፤ ሁለት ሌሊት ተንቀጠቀጥሁ። በሦስተኛው ቀን ተመልሼ ከኢትዮጵያ፣ ከሐይቅ ዳር ከተማ እንደመጣሁ ስነግረው ደሜን ለወባ አስመረመረው፤ ቪቫክስ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ መምህር፣ ትኩሳት ከመጣ «የመጣነው ወባ ካለበት አካባቢ ነው» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ሳትጠየቁ ተናገሩ። ከተመለሳችሁ በኋላ ትኩሳት ቢነሣ ደግሞ ለሐዋሳው ሐኪም ታይላንድ እንደነበራችሁ ንገሩት።

ውሻ፣ ድመት ወይም በቤተ መቅደሶች አካባቢ የሚርመሰመሱት ጦጣዎች ቢነክሷችሁ ወይም ቢቧጥጧችሁ፣ ቁስሉን በሳሙናና በወራጅ ውኃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ቀን የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት መጀመር ግድ ነው። የቧንቧ ውኃ አይጠጣም፤ የታሸገው ርካሽ ነው።

«በመናኸሪያ አካባቢ የልብስ ሱቅ አለኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ዕቃ ለመምረጥ ወደ ባንኮክ እሄዳለሁ። ስለ ቪዛ፣ ስለ ገንዘብ አያያዝና ስለ ታክሲ ብትነግሩኝ። ጎረቤቶቼ ደግሞ እዚያ ላሉ ዘመዶቻቸው የሚደርስ አደራ ሊሰጡኝ ይፈልጋሉ፤ እምቢ ማለት ከበደኝ።»
ወ/ት መ.፣ ከመናኸሪያ ክፍለ ከተማ

ወ/ት መ.፣ ከመጨረሻው ልጀምር። አደራ መቀበል በባህላችን የመታመን ምልክት ስለሆነ እምቢታው ለምን እንደከበደዎት ይገባኛል፤ ቢሆንም በአውሮፕላን ማረፊያ «ሻንጣውን ራስዎ ነው ያሸጉት?» ተብለው ሲጠየቁ በሙሉ ልብ አዎን ማለት መቻል አለብዎት። የታይላንድ የአደንዛዥ ዕፅ ሕግ ዕድሜ ልክ እስራትንና የሞት ቅጣትን ጭምር የሚያካትት ነው፤ ዳኛውም የሚመለከተው ዕቃው በማን ሻንጣ እንደተገኘ ነው። የግድ የሚወስዱት አደራ ካለ በፊትዎ ተፈትቶ፣ ዱቄቱ ተበጥሮ፣ የልብሱ ጠርዝ ተዳስሶ በእጅዎ ይታሸግ፤ በዚህ የሚቀየም ሰው ካለ ይቀየም። ጫትን በሚመለከትም፣ እኛ ዘንድ በግልጽ ስለሚሸጥ ብቻ ይዞት የሚነሣ ሰው አይጠፋም፤ በቅጠሉ ውስጥ ያለው ካቲኖን ግን እ.ኤ.አ. በ1971 በተደረገው የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት ከፍተኛ ቁጥጥር ከሚደረግባቸው ንጥረ ነገሮች አንዱ ነው። የኤሌክትሮኒክ ሲጋራም ወደ አገሪቱ ማስገባት የተከለከለ ነው፤ ቋንጣና ሌላ የሥጋ ውጤትም ያለ ፈቃድ አይገባም።

የቪዛ ደንብ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ቲኬት ከመግዛትዎ በፊት የታይላንድ መንግሥት በራሱ የኤሌክትሮኒክ ቪዛ ገጽ ላይ ለኢትዮጵያ ፓስፖርት ያወጣውን ያንብቡ። ፓስፖርትዎ ከጉዞው ቀን በኋላ ቢያንስ የ6 ወር ዕድሜ ይኑረው፤ የመመለሻ ቲኬትና የሆቴል ማረጋገጫም ታትሞ በእጅዎ ይሁን፤ ስልክ ባትሪ ይጨርሳል። ከሚያዝያ 23 ቀን 2017 ዓ.ም. ወዲህ እያንዳንዱ የውጭ መንገደኛ ከመድረሱ በፊት ባሉት 3 ቀናት ውስጥ ዲጂታል የመግቢያ ካርድ በኢንተርኔት መሙላት አለበት፤ ይህ ቪዛ አይደለም፣ ክፍያም የለውም፤ ገንዘብ የሚጠይቅዎት ገጽ ሁሉ የመንግሥት አይደለም።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችንን ስለሚያሳስተው የቀን አቆጣጠር መናገር አለብኝ። ታይላንዶች ዘመንን የሚቆጥሩት ከቡድሃ ጀምረው ስለሆነ ከፈረንጆቹ 543 ዓመት ይቀድማሉ፤ እ.ኤ.አ. 2026 በእነርሱ 2569 ነው። በመድኃኒትና በምግብ ማሸጊያ ላይ ይህን የመሰለ ዓመት ቢያዩ አይደንግጡ። ከምሽት ጀምሮ ሰዓት የሚቆጥሩበት ባህላዊ መንገድ ደግሞ ከእኛው ጋር ይገናኛል፤ ከምሽቱ አንድ ሰዓት የምንለውን እነርሱም «ኑንግ ቱም»፣ የምሽት አንድ፣ ይሉታል። ይህን ስሰማ ያገሬ ሰው ያገኘሁ ያህል ነበር የተሰማኝ። ከዚህ ይልቅ አደገኛው የቲኬቱ ሰዓት ነው። በረራው 00:30 ተብሎ የተጻፈበት ቀን፣ በእኛ አነጋገር ከቀደመው ቀን ሌሊት ስድስት ሰዓት ተኩል ነው። «የ15ኛው ቀን በረራ» ብሎ በ15ኛው ቀን ማታ ቦሌ የሚደርስ ሰው አውሮፕላኑ ከሄደ ቀን ሙሉ አልፎታል። ከሐዋሳ አዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ በክረምት መንገድ ከአንድ ቀን ቀድሞ ገብቶ ማደር ይሻላል።

ዶላሩን ከባንክ ሲወስዱ ፓስፖርት፣ ቪዛና ቲኬት ስለሚጠየቁ ወረቀቶቹ ከተሟሉ በኋላ ይሂዱ፤ ዶላር ሲቀበሉ ያልተቀደደና ቀለም ያልነካው ባለ መቶ ኖት ይምረጡ፤ የባንኮክ መንዛሪዎች ለባለ መቶው የተሻለ ዋጋ ሲሰጡ የተበላሸውን ይመልሱታል። በአውሮፕላን ማረፊያው መድረሻ አዳራሽ ያለው ምንዛሪ ዝቅተኛ ስለሆነ ለታክሲ የሚበቃ ብቻ ይመንዝሩ። የባንክ ካርድ ካለዎት የውጭ ካርድ በኤቲኤም በተጠቀሙ ቁጥር ከ200 ባት (የታይላንድ ገንዘብ) በላይ ክፍያ እንደሚቆረጥ አስበው በትንንሹ አያውጡ።

ወደ ከተማ ለመግባት ከአውሮፕላን ማረፊያው የሚነሣው ባቡር እስከ 45 ባት ብቻ ያስከፍላል። የልብስ ነጋዴዎች የሚበዙበት ፕራቱናም ለባቡሩ ራቻፕራሮፕ ጣቢያ ቅርብ ስለሆነ እዚያ አካባቢ ሆቴል ቢይዙ ይመችዎታል። ዕቃ ከበዛ በሜትር የሚሠራውን ታክሲ ይያዙ፤ ሜትሩ ከ35 ባት ይነሣል፤ ከአውሮፕላን ማረፊያው ሲሆን 50 ባትና የፈጣን መንገድ ክፍያ ይጨመርበታል። ሦስት እግር ያለው ቱክ ቱክ ከእኛ ባጃጅ ጋር ዘመዳሞች ናቸው፤ ሜትር ስለሌለው ዋጋውን ሳይነጋገሩ እግርዎን አያስገቡ፤ «በነጻ ቤተ መቅደስ ላሳይሽ» የሚለውንም ይለፉት፤ መጨረሻው የጌጣጌጥ ሱቅ ነው።

«ለሁለት ሳምንት ሥልጠና ወደ ባንኮክ እሄዳለሁ። የስልኬና የላፕቶፔ መሰኪያ እዚያ ይሠራል? ሞተር ሳይክል ተከራይቼ መዘዋወርስ እችላለሁ?»
ተማሪ ዳ.፣ ከሐዋሳ

ልጄ ዳ.፣ የታይላንድ ኤሌክትሪክ እንደ እኛው 220 ቮልት ስለሆነ ትራንስፎርመር አያስፈልግህም። ቀጭኑ ባለ ሁለት ክብ እግር መሰኪያ በአብዛኞቹ ሶኬቶች ይገባል፤ ወፍራሙ የላፕቶፕ መሰኪያ ግን ላይገባ ስለሚችል አንድ ዓለም አቀፍ አዳፕተር ያዝ። ፓወር ባንክህ በእጅ ቦርሳ እንጂ በጭነት ሻንጣ አይሄድም፤ መጠኑም ከ100 ዋት ሰዓት መብለጥ የለበትም፤ 20,000 ሚሊአምፒር ሰዓት የሚለው 74 ዋት ሰዓት ገደማ ስለሆነ ያልፋል፤ 30,000 የሚለው ግን ገደቡን ያልፋል። ሲም ካርድ በፓስፖርት ተመዝግቦ እዚያው ይገዛል።

ሞተር ሳይክሉን ግን ተወው። እዚያ የሚነዳው በግራ በኩል ስለሆነ መንገድ ስታቋርጥ እንኳ ልማድህ ያሳስትሃል፤ አገሪቱ የመንገድ አደጋ ከሚበዛባቸው አንዷ ስትሆን ከሟቾቹ የሚበዙት የሞተር ተጓዦች ናቸው። አብዛኞቹ የጉዞ መድን ውሎች ደግሞ የሞተር መንጃ ፈቃድ የሌለውን ወይም የራስ ቁር ያላደረገን ሰው የሕክምና ወጪ አይሸፍኑም፤ አከራዩም ፓስፖርትህን በመያዣነት ሊጠይቅህ ይችላል፤ ፓስፖርት ደግሞ ለማንም አይሰጥም። ባቡሩ የማያደርስህ ቦታ ሲኖር በስልክህ ግራብ በሚባለው መተግበሪያ መኪና ጥራ፤ ዋጋውን አስቀድሞ ያሳይሃል። የጉዞ መድኑንም ከመነሣትህ በፊት እዚሁ ግዛና የውሉን ቁጥር አንዱን በቦርሳህ፣ አንዱን ለእናትህ ተው።